ክብር በነጥብ፦ የኒውሮሳይንስ ተማሪዎች የክብር ማኅበርና የመግቢያ በሩ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የክብር ማኅበር የሚባሉ ድርጅቶች አሉ፤ እነዚህም በትምህርት ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎችን መርጠው አባል የሚያደርጉ፣ አባልነቱንም ራሱን እንደ ሽልማት የሚሰጡ ናቸው። በመምህራን፣ በወላጆችና በቀጣሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደው አመለካከት ማኅበራቱ የተመረጡትን ያበረታታሉ፣ ያልተመረጡትን ለበለጠ ጥረት ያነሣሣሉ፣ ማንንም ግን አይጎዱም የሚል ነው። አመለካከቱ ይህን ያህል የጸናው በሚገባ ተመርምሮ ሳይሆን ክብርን የሚቃወም ሰው ቀናተኛ መስሎ ስለሚታይ ነው፤ በዚህም ምክንያት ክብሩ በምን መስፈርት ይሰጣል፣ ማንንስ ከበር ይመልሳል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ጥያቄው በየትኛውም የትምህርት ዘርፍ ሊነሣ የሚገባው ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው ኒውሮሳይንስን፣ ማለትም አንጎልንና የነርቭ ሥርዓትን የሚያጠናውን ሳይንስ ነው። ሰው እንዴት እንደሚማር፣ ሽልማት በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል፣ የማወቅ ፍላጎት በምን እንደሚበረታና በምን እንደሚዳከም የሚመረምረው ይኸው ሳይንስ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹን በምን እንደሚያከብር ሲወስን ከሌሎች ዘርፎች የተሻለ ዕውቀት አለው፤ የተሻለ ዕውቀት ስላለውም ተጠያቂነቱ ከሌሎቹ ይከብዳል።

የዘርፉ የክብር ማኅበር ኑ ሮ ፕሳይ ይባላል፤ ስሙ፣ እንደ አብዛኞቹ አቻዎቹ፣ ከሦስት የግሪክ ፊደላት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመውም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ኒውሮሳይንስን የሚያስተምሩ መምህራን ማኅበር ነው። የመምህራኑ ማኅበር በ1991 ሲመሠረት ኒውሮሳይንስ በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሆኖ ይታይ ስለነበር፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሊማረው የሚችለው ሥርዓተ ትምህርት በመቀረጽ ላይ ነበር። በማሳቹሴትስ የሚገኘው አምኸርስት ኮሌጅ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆን በ1973 ፕሮግራም ከፍቶ የነበረ ቢሆንም፣ ለሌሎች ኮሌጆች የሚያገለግሉ ንድፎች የወጡት መምህራኑ በ1995 በሰሜን ካሮላይና በዴቪድሰን ኮሌጅ ባካሄዱት ዐውደ ጥናት ነው፤ በ2002 ደግሞ የማስተማሪያ ዘዴያቸውንና የቤተ ሙከራ ልምምዶቻቸውን የሚለዋወጡበት የራሳቸው መጽሔት መታተም ጀመረ። የእነዚህ መምህራን ድካም በእጅጉ ሊከበር የሚገባው ነው፤ ውድ መሣሪያ በሌላቸው ትንንሽ ኮሌጆች ውስጥ ተማሪው ስለ ነርቭ ሕዋስ ከማንበብ አልፎ የሕዋሱን ኤሌክትሪካዊ ምልክት በገዛ እጁ እንዲመዘግብ ለማድረግ ብዙ ደክመዋልና። የሚያሳዝነው፣ እነዚሁ ሰዎች የተማሪዎቻቸውን የክብር ቤት ሲሠሩ በሩን በእጅ ሥራ ሳይሆን በመዝገብ ቤት ቁጥር ማበጀታቸው ነው።

ማኅበሩ የሚታወቅበት መስፈርት የሚከተለው ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ኒውሮሳይንስን ወይም ለእርሱ ትልቅ ስፍራ የሚሰጥ ተዛማጅ ትምህርት የሚያጠና፣ ቢያንስ ሦስት ሴሚስተር ያጠናቀቀ፣ ከዘርፉ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 9 ክሬዲት ሰዓት የሚይዙ ኮርሶችን የወሰደ፣ ከክፍሉ ተማሪዎች በላይኛው 35 በመቶ ውስጥ የሚገኝ፣ ከ4 በሚታሰበው አማካይ ነጥብ በጠቅላላ ትምህርቱ ቢያንስ 3.2፣ በኒውሮሳይንስ ኮርሶቹ ደግሞ ቢያንስ 3.5 ያለው መሆን አለበት። በዚህ ላይ የአባልነት ክፍያ ይታከላል። የ35 በመቶው ወሰን ከኒውሮሳይንስ ባሕርይ የመነጨ ሳይሆን በ1925 የተቋቋመው የኮሌጅ ክብር ማኅበራት ጉባኤ በአንድ ሙያ ለተወሰኑ ማኅበራት ሁሉ ካወጣው ደረጃ ጋር የሚገጥም ነው፤ ለታሪክ ተማሪም ለሒሳብ ተማሪም ያው ነው። ማኅበሩ ከዓላማዎቹ መካከል የዘርፉን ዕድገት ማገዝን፣ ሕዝቡ ስለ አንጎል ያለውን ግንዛቤ ማስፋትንና ማኅበረሰቡን ማገልገልን ይቆጥራል፤ ከእነዚህ ዓላማዎች አንዱም ግን በመግቢያው በር ላይ አይጠየቅም።

ነጥብን መስፈርት ማድረግ ከጥንት የተወረሰና የማይነካ ሥርዓት ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ታሪኩ ይህን አይደግፍለትም። ከማኅበራቱ ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ፋይ ቤታ ካፓ በዲሴምበር 5 ቀን 1776 በቨርጂኒያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ሲመሠረት፣ ተማሪዎች ተሰብስበው የሚከራከሩበትና ጽሑፍ የሚያቀርቡበት ምስጢራዊ ማኅበር ነበር፤ አባላቱን ያስተሳሰራቸውም በስብሰባው ላይ የሚያደርጉት ነገር እንጂ በሌላ ቦታ የተመዘገበ ውጤት አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1886፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ሲግማ ዛይ ደግሞ የምርምር ሰዎች ማኅበር ሆኖ ተወልዶ አባላቱን በምርምር ሥራቸው እየመረጠ እስከ ዛሬ ዘልቋል። እንግዲህ በ2006 የተሰበሰቡት መምህራን ከፊታቸው ሁለት የተሞከሩ መንገዶች፣ ነጥብና ሥራ፣ ነበሯቸው፤ ለሳይንሳቸው የሚቀርበውን ትተው የሚርቀውን መረጡ።

የነጥብ ተከራካሪዎች የመጀመሪያ መከላከያ ነጥብ ለሁሉም እኩል የሆነ መለኪያ ነው የሚል ነው። ይህ አባባል የሚያስኬደው የአንድ ዩኒቨርሲቲ 3.5 ከሌላው 3.5 ጋር አንድ ቢሆን ነበር። በየል ዩኒቨርሲቲ በ2022–23 የትምህርት ዘመን ከተሰጡት ውጤቶች 79 በመቶ ያህሉ ኤ ወይም ኤ ማይነስ ሲሆኑ አማካዩ ነጥብ 3.70 ነበር፤ በሃርቫርድም በ2020–21 በኤ ደረጃ ያሉት ውጤቶች እንዲሁ 79 በመቶ ገደማ ደርሰው አማካዩ ነጥብ ወደ 3.80 ከፍ ብሏል። ይህ ማለት በእነዚህ ተቋማት መካከለኛ የሚባለው ተማሪ ራሱ ከማኅበሩ ወሰን በላይ ይቆማል ማለት ነው፤ ውጤት በቁጥብነት በሚሰጥበት የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ያው ቁጥር ከብዙ ሌሊት ድካም በኋላ እንኳ ላይደረስበት ይችላል። የ35 በመቶው ወሰን ይህን ያስተካክላል ቢባል፣ እርሱ ደግሞ ሌላ እንግዳ ውጤት ያመጣል፤ ተማሪው የሚከበረው ባወቀው መጠን ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጡት ባላወቁት መጠን ይሆናል። በዚህ መንገድ ክብርን ማደል ጤፍን በክንድ እንደ መስፈር ነው፤ መለኪያው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፣ የሚለካውን ነገር ግን አያውቀውም።

ሁለተኛው መከላከያ ከዚህ ይጠነክራል። ነጥብ ፍጹም ባይሆንም ነገ ጥሩ ተመራማሪ የሚሆነውን ተማሪ ዛሬ ለይቶ ያሳያል ይባላል። ይህ በማስረጃ ሊፈተን የሚችል አባባል ነው፤ ተፈትኗልም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ካምፓስ የባዮሜዲካል ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎችን የመረመረ፣ በ2017 የታተመ ጥናት 280 ተማሪዎችን ወስዶ፣ ሲያመለክቱ ካቀረቧቸው መረጃዎች መካከል በኋላ በስማቸው ያሳተሟቸውን የምርምር ጽሑፎች ብዛት አስቀድሞ የሚጠቁመው የትኛው እንደሆነ ፈለገ። የመጀመሪያ ዲግሪ አማካይ ነጥብ ብዙ ያሳተሙትን ከጥቂት ካሳተሙት አልለየም፤ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጠው ጂአርኢ የተባለው ፈተናም እንዲሁ። የተሻለ ጠቋሚ ሆኖ የተገኘው ተማሪውን በቅርብ የሚያውቁት መምህራን የጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ ነበር።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ መታለፍም የለበትም። ጥናቱ የመረመረው ቀድሞውኑ ተመርጠው የገቡትን ብቻ ስለሆነ ሁሉም ጥሩ ነጥብ የነበራቸው ናቸው፤ በጣም ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ቢገቡ ኖሮ ልዩነቱ ይታይ ይሆናል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ነገር ግን የክብር ማኅበሩን አይረዳውም። ማኅበሩ ወሰኑን ያሰመረው በወደቁና ባለፉ ተማሪዎች መካከል አይደለምና፤ 3.4 ባላትና 3.6 ባላት መካከል ነው፤ ሁለቱም በሚገባ የተማሩ በሆኑበት፣ ነጥብ የመለየት ኃይሉን ባጣበት በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ። ሌላም ሊደበቅ የማይገባው ነገር አለ፦ ያው ጥናት ቀድሞ በቤተ ሙከራ ያሳለፉት ጊዜ ርዝመትም ወደፊት የሚያሳትሙትን እንደማይጠቁም አሳይቷል። ስለዚህ ነጥብን ጥሎ የቤተ ሙከራ ሰዓት በመቁጠር መተካት መፍትሔ አይሆንም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጠለቅ ያለ ነው፤ ክብር ስለ ነገ የሚነገር ትንቢት መሆኑ ማብቃት አለበት። የሃያ ዓመት ወጣት ወደፊት ምን እንደሚሆን ማንም በአስተማማኝ ሁኔታ አያውቅም፤ የሠራውን ግን ማየት ይቻላል። ክብር ለተሠራ ሥራ የሚቀርብ ምስጋና ከሆነ ትንበያው ቢሳሳትም የሚፈርስ ነገር የለም።

ተማሪዎችን ለበለጠ ጥረት ያነሣሣል የሚለው ሦስተኛው መከላከያ ደግሞ ዘርፉን ከገዛ ግኝቶቹ ጋር የሚያጋጨው ነው። በ1973 የታተመ በሳይኮሎጂ ዘንድ የታወቀ ጥናት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በቀለም እስክሪብቶ መሳል የሚወዱ ሕፃናትን በሦስት ከፈላቸው፤ አንዱ ቡድን ቢስል የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ተነገረው፣ ሁለተኛው ሳይነገረው ተሸለመ፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጆቹ በፈቃዳቸው ሲጫወቱ ሲታዩ፣ ሽልማቱን እየጠበቁ የሳሉት ከሌሎቹ በግማሽ ያህል ቀንሰው ሲስሉ ተገኙ። የገዛ ፍላጎትን የሚያዳክመው ሽልማት ራሱ ሳይሆን ሥራውን ለሽልማቱ ሲሉ መሥራት ነበር። በዚህ ግኝት ላይ ለአሥርተ ዓመታት ክርክር ተካሂዷል፤ ውጤቱ በሁሉም ሥራና በሁሉም ዓይነት ሽልማት ላይ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ይታወቃል። ነገር ግን በ2010 በጃፓን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ወደ አንጎል ምስል መሣሪያ አመጡት። 28 ሰዎች የሩጫ ሰዓትን ልክ አምስት ሰከንድ ላይ ለማቆም የሚሞክሩበት ቀላል ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ለግማሾቹ በተሳካላቸው ቁጥር ገንዘብ ተከፈለ፤ ከዚያም ክፍያው ሲቆም እነዚህ ሰዎች ጨዋታውን በፈቃዳቸው መጫወት ከመቀነሳቸውም በላይ፣ ስትሪያተም በተባለውና ሽልማትን በሚመለከተው የአንጎል ውስጣዊ ክፍል የሚታየው እንቅስቃሴ ቀነሰ። ገንዘብ ያልተከፈላቸው ግን እንደ ቀድሞው ቀጠሉ።

ከዚህ ጋር ቮልፍራም ሹልዝ በዝንጀሮዎች ላይ ያደረገው ምርምር ይጠቀሳል። በ1997 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ እንደተብራራው፣ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የነርቭ ሕዋሳት የሚነቃቁት ሽልማት በመገኘቱ ብቻ ሳይሆን ሽልማቱ ከተጠበቀው በመብለጡ ነው፤ ልክ እንደተጠበቀው የመጣ ሽልማት ሕዋሳቱን እምብዛም አያነቃቃም፣ ተጠብቆ የቀረ ሽልማት ደግሞ እንቅስቃሴያቸውን ከወትሮው በታች ያወርደዋል። የጭማቂ ጠብታ ከሚጠብቅ እንስሳ ተነሥቶ ስለ ተማሪ ሕይወት ሙሉ ድምዳሜ መስጠት አይገባም፤ የክብር ማኅበር አባልነትም ከጭማቂ የበለጠ ትርጉም አለው። ነገር ግን ተመሳስሎው አሳሳቢ ነው። ወሰኑ አስቀድሞ የታወጀና ነጥቡም ከሴሚስተር ሴሚስተር የሚታይ ስለሆነ የሚገባው ተማሪ መግባቱን ከወራት በፊት ያውቃል፤ ደብዳቤው ሲደርሰው አዲስ ነገር አይነግረውም። በሁለት መቶኛ የጎደላት ተማሪ ግን ከባድ ኮርስ በመውሰዷ ብቻ የጠበቀችውን ታጣለች። ከዚህ ልምድ የምትማረው ምንድን ነው? በሚቀጥለው ጊዜ ከባዱን ኮርስ አለመውሰድን ነው። ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ የበዛበትን የስሌታዊ ኒውሮሳይንስ ኮርስ ነጥባቸውን ለመጠበቅ ሲሉ እንዲሸሹ የሚገፋፋ ክብር፣ የዘርፉ የወደፊት ዕድል በዚያ ኮርስ ላይ ባረፈበት ዘመን፣ ዘርፉን እየጎዳው ነው።

ማንንም አይጎዳም የሚለው እምነትም ከዚህ በኋላ ሊቆም አይችልም። የክብር ማኅበር አባልነት በምረቃ ቀን ከአንገት በሚንጠለጠል ገመድ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በቅጥር ደንቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለውን አመልካች በአምስተኛ ደረጃ ሲያስገባ፣ ላቅ ያለ የትምህርት ውጤት ያለውን በሰባተኛ ደረጃ ያስገባል፤ ይህንንም ውጤት ማሳያ ከሚሆኑት መንገዶች አንዱ ከላይ የተጠቀሰው ጉባኤ ዕውቅና የሰጠው ብሔራዊ የክብር ማኅበር አባል መሆን ነው። በሁለት ደረጃ የሚበልጥ ደመወዝ ላይ የሚያደርስ ወረቀት ማንንም አይጎዳም ማለት አይቻልም፤ ለአንዱ የተከፈተው በር በሌላው ፊት የተዘጋ ነውና።

በሕክምና ትምህርት የተገኘው ተሞክሮ ከዚህ ይበልጥ መራራ ነው፤ ብዙ የኒውሮሳይንስ ተማሪዎች ወደዚያው ስለሚያመሩ ለእነርሱም ይመለከታቸዋል። በ1902 በቺካጎ የተመሠረተው አልፋ ኦሜጋ አልፋ የሕክምና ተማሪዎች የክብር ማኅበር ነው፤ አባልነቱም ተፈላጊ የሆኑ የስፔሻላይዜሽን ቦታዎችን ለማግኘት ትልቅ ክብደት ሲሰጠው ኖሯል። በ2017 የወጣ ጥናት 4,655 ማመልከቻዎችን መርምሮ፣ የፈተና ውጤታቸው፣ የምርምር ሥራቸውና የአገልግሎት ታሪካቸው ከግምት ገብቶ እንኳ፣ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ማኅበሩ የመግባት ዕድላቸው ከነጮቹ አንድ ስድስተኛ ገደማ፣ የእስያ ተወላጆች ዕድል ደግሞ ግማሽ ያህል መሆኑን አሳየ። በኒውዮርክ የሚገኘው የአይካን ሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 የተማሪዎችን ምርጫ አቆመ፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ተከተለው። ታሪኩ ደግሞ ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ጥቁር የሳይንስ ተማሪዎች በነባሮቹ ማኅበራት ስፍራ ባላገኙበት ዘመን፣ በ1923፣ በፔንሲልቬንያ በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ቤታ ካፓ ካይ የተባለውን የራሳቸውን የሳይንስ ክብር ማኅበር ለማቋቋም ተገደዋል፤ ፋይ ቤታ ካፓ ለጥቁሮች በተቋቋሙት በፊስክና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርንጫፍ የከፈተው በ1953 ነው፣ ከተመሠረተ ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ።

በዚህ ቦታ የነጥብ ተከራካሪዎች አንድ ጠንካራ ነገር ይናገራሉ። የሕክምና ማኅበሩ ችግር የመጣው ከነጥብ ሳይሆን ነጥብ ላይ የሰዎች ምርጫ ስለተጨመረበት ነው፤ ስለዚህ ንጹሑ ቁጥር ከመምህራን ፍርድ ይሻላል ይላሉ። ግማሹ ትክክል ነው። የሰው ፍርድ አድልዎ እንደሚያስገባ ጥናቱ በግልጽ አሳይቷል። ነገር ግን አድልዎው መግቢያ ያገኘው ቦታዎቹ ጥቂትና የተቆጠሩ ሆነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው መቅረት ስላለበት ነው፤ በእኩዮች መካከል አንዱን ለመጣል ምክንያት ሲፈለግ ያልተነገረ ጥላቻና ያልታወቀ ልማድ ክፍተቱን ይሞላሉ። ቁጥሩም ቢሆን እንደሚባለው ንጹሕ አይደለም፤ በሳምንት ለብዙ ሰዓታት በሱቅ ወይም በሆስፒታል ተቀጥሮ እየሠራ የሚማርና ጊዜው ሁሉ የራሱ የሆነ ተማሪ ያገኙት ነጥብ አንድ ዓይነት ድካም አይናገርም።

ለማኅበሩ የሚቀርበው ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ግን ሌላ ነው፤ ተቃዋሚዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ችላ ይሉታል። ኒውሮሳይንስ በባዮሎጂ፣ በሳይኮሎጂ፣ በኬሚስትሪና በኮምፒዩተር ሳይንስ መካከል የተዘረጋ ስለሆነ በብዙ ኮሌጆች የራሱ የትምህርት ክፍል የለውም፤ ተማሪዎቹ በየሕንፃው ተበትነው ይኖራሉ፣ የሚያገናኛቸውም የማኅበሩ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፎቹ ከ1996 ጀምሮ በየዓመቱ በመጋቢት አካባቢ በሚከበረው የአንጎል ግንዛቤ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤቶች ሄደው ለሕፃናት የበግ አንጎል ያሳያሉ፣ ተመራማሪዎችን ጋብዘው ያወያያሉ፤ ማኅበሩም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሚሰበሰቡበት የዘርፉ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሥራቸውን የሚያቀርቡ ተማሪዎችን በጉዞ ድጋፍ ይረዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም ሊያፈርሰው አይገባም። ነገር ግን ከዚህ መልካም ነገር ውስጥ 3.5 ነጥብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ለሕፃናት አንጎል ምን እንደሆነ ማስረዳት የምትችል ተማሪ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲ በማግኘቷ አትችልም አይባልም፤ የጉዞ ድጋፍ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ትኬት ለመግዛት አቅም ለሌለው ነው። ማኅበሩ የሚመሰገንባቸው ሥራዎች ሁሉ በሩ ባይኖር ኖሮ ይበልጥ የሚሰፉ ናቸው።

የዘርፉ ዋነኛ መሥራች የሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ሕይወትም በዚህ ክርክር ውስጥ ይነሣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሣው በተሳሳተ መንገድ ነው። በ1852 በስፔን የተወለደው ካሃል በልጅነቱ አስቸጋሪ ተማሪ ነበር፤ አባቱ በተስፋ መቁረጥ ለፀጉር አስተካካይና ለጫማ ሠሪ ተለማማጅ አድርጎ ሰጥቶታል። ከዚህ ተነሥቶ ዝቅተኛ ውጤት የታላቅነት ምልክት ነው ማለት ከንቱ ነው፤ አስቸጋሪ የነበሩና ምንም ሳይሠሩ የቀሩ ሰዎች ስማቸው አልተጻፈምና። ከካሃል ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ክብር እንዴት እንደደረሰው በማየት ነው። በ1887 ማድሪድ ውስጥ ካሚሎ ጎልጂ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም በፈለሰፈው የብር ቀለም የተነከረ የነርቭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አየ፤ ዘዴው የነርቭ ሕዋሳትን እየመረጠ ስለሚያጠቁር ቅርጻቸውን ከነቅርንጫፋቸው ያሳያል፣ ነገር ግን እንደ ልብ የማይታዘዝ ስለነበር ብዙዎች ትተውት ነበር። ካሃል የማቅለሙን ሥራ ደጋገመው፣ ሕዋሳቱ ገና ባልጎለመሱበት በወፎች ጽንስና በትንንሽ እንስሳት አንጎል ላይ ተጠቀመበት፣ የሚያየውን ሁሉ በእጁ ሳለው፤ በ1888 ግኝቶቹን የሚያሳትምበትን መጽሔት በራሱ ገንዘብ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በርሊን በተካሄደው የጀርመን የአናቶሚ ሰዎች ጉባኤ ላይ ማይክሮስኮፑንና የመስታወት ናሙናዎቹን ይዞ ቀርቦ፣ የዘመኑን ታላቅ ሊቅ አልበርት ፎን ኮሊከርን በመነጽሩ እንዲያይ ጋበዘው። ኮሊከር አየና አመነ። እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ራሱን የቻለ ነው የሚለው የዛሬው ኒውሮሳይንስ መሠረት ከዚያ በኋላ ተስፋፋ፤ ካሃልና ጎልጂ በ1906 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ከመመሥረቱ ልክ መቶ ዓመት በፊት። በበርሊን የካሃልን ማንነት የጠየቀ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ መልሱ ግን በመስታወቱ ላይ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይመስልም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕረግና የምረቃ ሜዳሊያ በነጥብ የሚታደሉ በመሆናቸው፣ ክብርና ነጥብ አንድ ናቸው የሚለው ሐሳብ ወደ አሜሪካ ከሄዱ ወላጆች ጋር አብሮ ተሻግሯል፤ ልጃቸው ኒውሮሳይንስን የሕክምና መንገድ አድርጎ ሲማር የሚደርሰውን የአባልነት ግብዣ በኩራት ይቀበላሉ፣ ሳይደርሰው ሲቀር ደግሞ ልጁ እንደወደቀ ያዝናሉ። በአንጻሩ፣ ኑ ሮ ፕሳይ በተቋቋመበት በዚያው በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና ተጀምሯል፤ የነርቭ ቀዶ ሕክምናውም ሥልጠና በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ሆስፒታል ጋር በመተባበር በዚያው ዓመት ተከፍቷል። በዚያ ሥልጠና ያለፉት ሐኪሞች በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የሚከበሩበት ነገር በመጀመሪያ ዲግሪ ያመጡት ነጥብ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ክፍል ያሳዩት እጅና ያሠለጠኗቸው ተተኪዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ማኅበሩ ይፍረስ የሚል አይደለም፤ የመግቢያ ደንቡ ይለወጥ የሚል ነው። የነጥብና የ35 በመቶ ወሰኖች ተነሥተው፣ በቦታቸው ሊታይ የሚችል ሥራ ይግባ፦ አንድን የምርምር ጥያቄ ከመነሻው እስከ ማቅረቢያው ያደረሰ፣ ወይም አንድ ሙሉ ሴሚስተር በትምህርት ቤት ስለ አንጎል ያስተማረ፣ ወይም ለሌሎች የሚያገለግል የቤተ ሙከራ ዘዴ ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሠራ ተማሪ ሥራውን በመረጠው ቅርንጫፍ ፊት አቅርቦ ለጥያቄ መልስ ይስጥ። አብሮት የሠራው መምህር በአጠቃላይ ሙገሳ ፈንታ ተማሪው ምን እንዳደረገ፣ ሙከራው ሲከሽፍ ምን እንዳደረገ በተወሰኑ ጥያቄዎች ይመስክር። የቦታ ገደብ ፈጽሞ አይኑር፤ የሕክምና ማኅበሩን ያበላሸው አንዱን ለማስገባት ሌላውን መጣል ነበርና፣ ሥራውን የጨረሰ ሁሉ ይግባ። ክፍያውም ይቅር፤ ወጪው በሥራ ላይ ባሉ ነባር አባላትና ማኅበሩን ባቋቋመው የመምህራን ማኅበር ይሸፈን፣ ሊከፍል ለማይችል ተማሪ የክብር ደብዳቤ ከሒሳብ መጠየቂያ ጋር መላክ ክብሩን ይሽረዋልና።

ሁሉም የሚገባበት ከሆነ ክብርነቱ ምኑ ላይ ነው የሚል የመጨረሻ ጥያቄ ይቀራል። ክብር የሚገኘው ሌሎች በመቅረታቸው ነው ብሎ ለሚያምን ሰው መልስ የለውም። ነገር ግን የነርቭ ሕዋስ ምልክት ለመመዝገብ ሌሊቱን በቤተ ሙከራ ያሳለፈች፣ ናሙናው ሦስት ጊዜ ሞቶባት በአራተኛው የተሳካላት፣ ውጤቱንም በመምህራንና በእኩዮቿ ፊት ቆማ ያስረዳች ተማሪ ያንን ያደረጉ ሌሎች አርባ ተማሪዎች ስላሉ ሥራዋ አያንስም፤ አርባ መሆናቸው ለዘርፉ ደስታ ነው። እስካሁን በነጥብ የገቡትም የሚያጡት ነገር የለም፤ አባልነታቸው እንደጸና ይቆይ፣ በአዲሱ ደንብ የሚመጡትን ሥራ ለመስማትም በየቅርንጫፋቸው የመጀመሪያዎቹ ተቀማጮች እነርሱ ይሁኑ።